ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሞባይል መተግበሪያ ውስጥ፦ የድርጅት ባለቤቶችና ባለሙያዎች የጠየቋቸው ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የሞባይል መተግበሪያዎችን በመሥራት ዓመታትን አሳልፌአለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ሥራዬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በእነዚህ መተግበሪያዎች ውስጥ ማስገባት ሆኗል። የድርጅት ባለቤቶች፣ የሥራ ኃላፊዎችና ጀማሪ ባለሙያዎች ያቀረቧቸውን ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን በአንድ ላይ እያደረግሁ ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሁሉም ድርጅት «መተግበሪያችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው» ይላል። በእርግጥ አዲስ ነገር መጥቷል ወይስ የቆየው ነገር አዲስ ስም ወጣለት?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። የስልኩ መጻፊያ ቀጣዩን ቃል ሲጠቁም፣ የፎቶ ማኅደሩ የአንድን ሰው ምስሎች ለይቶ ሲሰበስብ፣ ስልኩ የባለቤቱን ፊት አይቶ ሲከፈት የሚሠራው ይኸው ዘዴ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 አይፎን ኤክስን ሲያወጣ በቺፑ ውስጥ ለዚህ ዓይነት ስሌት ብቻ የተለየ ክፍል አስገብቶ ነበር፤ ጉግልም በዚያው ዓመት ሞዴሎችን (ከዳታ ተምረው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) በስልክ ላይ ለማስኬድ የሚያገለግለውን ቴንሰርፍሎው ላይትን ለባለሙያዎች አቅርቧል። አዲሱ ነገር የመጣው ጥያቄ ሲጻፍለት በጽሑፍ የሚመልሰው ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 መጨረሻ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ነው። ቀድሞ አንድ ድርጅት ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ዳታ ሰብስቦ የራሱን ሞዴል ማሠልጠን ነበረበት፤ አሁን ግን አንድን ዝግጁ የቋንቋ ሞዴል፣ ማለትም ጽሑፍ የሚረዳና የሚጽፍ ሞዴል፣ በአጠቃቀሙ ልክ እየከፈለ ለብዙ ሥራ ማዋል ይችላል። ስለዚህ ለመጀመር የሚጠይቀው አቅም እጅግ አነስተኛ ሆኗል፤ ሳያስቡበት መጀመርም የቀለለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ድርጅት አለኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ስህተቱ ወዲያው ከሚታይበትና በቀላሉ ከሚታረምበት ሥራ ይጀምሩ። ይህን የተማርሁት ከራሳችን ጥፋት ነው። ከባልደረቦቼ ጋር ሠራተኞች የሥራ ወጪያቸውን የሚመዘግቡበት መተግበሪያ ሠርተን ነበር፤ ተጠቃሚው ደረሰኙን ፎቶ ያነሣል፣ መተግበሪያው ቀኑንና ጠቅላላ ድምሩን አንብቦ በቀጥታ ወደ መዝገብ ያስገባል። ነገር ግን ደረሰኝ ኪስ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሙቀት ሲያገኘውም ይደበዝዛል። አንድ ቀን እጥፋቱ ልክ ነጥቡ ላይ አረፈና 1480.50 የነበረው ድምር 148050 ተብሎ ተመዘገበ፤ የታወቀውም የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው የተሻለ ሞዴል መፈለግ ነበር። በመጨረሻ የሠራነው ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው፦ ከፎቶው ላይ ድምሩ ያለበትን ስስ ቁራጭ ቆርጠን፣ ከሥሩ መተግበሪያው ያነበበውን ቁጥር በዚያው መጠን ጽፈን፣ ከሁለቱ በታች «ልክ ነው» እና «አርም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አስቀመጥን። ምስሉና ቁጥሩ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ሲታዩ የተሳሳተው አኃዝ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ሞዴሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ስህተቱን የሚያይበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ባለቤት ሐሳብ ይዞ ሲመጣ የምጠይቀው መጀመሪያ ይህንኑ ነው፦ ሲሳሳት ማን ያያል? መቼ? ለማረምስ ምን ያህል ያስወጣል?

ጥያቄ፦ ሞዴሉ በስልኩ ላይ ቢሠራ ይሻላል ወይስ በሰርቨር (በኢንተርኔት በሚገናኙት ሩቅ ኮምፒውተር)? ለባለሙያው እንጂ ለእኔ ለባለቤቱ ልዩነቱ አይገባኝም።

መልስ፦ ልዩነቱ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው እርስዎን ነው፤ ምክንያቱም ወጪውንና የደንበኛውን ምስጢር የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው። በስልኩ ላይ ሲሠራ የደንበኛው መረጃ ከእጁ አይወጣም፣ ኔትወርክ ባይኖርም አገልግሎቱ አይቋረጥም፣ እርስዎም ለእያንዳንዱ ጥያቄ አይከፍሉም። ችግሩ የማስታወሻ አቅም ነው። 3 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ ሲሠለጥን የተማራቸው ቁጥሮች) ያለው የቋንቋ ሞዴል እያንዳንዱ ፓራሜትር በ16 ቢት ቢቀመጥ 6 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ ወደ 1.5 ጊጋባይት ይወርዳል፣ በምትኩም ጥራቱ በመጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ይህም ሆኖ ብዙ ሰዎች በእጃቸው ያለው የቆየ ስልክ አይሸከመውም፤ የሚሸከመውም ቢሆን ረዘም ላለ ሥራ ይግላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

በሰርቨር ሲሆን እጅግ የላቀ ሞዴል መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን መዘግየት፣ ክፍያና የመረጃ ኃላፊነት አብረው ይመጣሉ። እኔ በአብዛኛው የምመክረው ማደባለቅን ነው፦ ምስል መለየት፣ ጽሑፍ ከፎቶ ላይ ማንበብና ድምፅን መለየት የመሳሰሉት ጠባብ ሥራዎች በስልኩ ላይ ይሁኑ፤ ረጅም ሰነድ መረዳትን ወይም ሰፋ ያለ ማብራሪያን የሚጠይቁት ብቻ ወደ ሰርቨር ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የቻት ረዳት አስገብተን በመጀመሪያው ወር የመጣው ሒሳብ ከገመትነው ብዙ እጥፍ ሆነ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ በአብዛኛው ጥፋቱ ስሌቱ ላይ ነው። ክፍያው በቶክን፣ ማለትም ሞዴሉ ጽሑፉን በሚቆራርጥባቸው ቁርጥራጮች ብዛት ነው። የቋንቋ ሞዴል ደግሞ በራሱ ያለፈውን ንግግር አያስታውስም፤ ስለዚህ ደንበኛው አዲስ መልእክት በላከ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው ንግግር በሙሉ ዳግመኛ እንዲያነበው ይደረጋል። አንድ ጥያቄ ከመልሱ ጋር 300 ቶክን ነው እንበል። 20 ጊዜ የተመላለሰ ንግግር 6,000 ቶክን የሚያስከፍል ይመስላል፤ የቀደመው ሁሉ በየጊዜው ሲደገም ግን ድምሩ 63,000 ይደርሳል። የቆየውን ንግግር በአጭሩ ማጠቃለል፣ ተደጋጋሚውን ክፍል የሞዴሉ አቅራቢ አስቀምጦ ሲደገም በቅናሽ እንዲያስከፍል ማድረግ፣ ቀላሉን ጥያቄ ለአነስተኛ ሞዴል መስጠትና ለአንድ ተጠቃሚ የቀን ጣሪያ ማበጀት ሒሳቡን ወደ ልኩ ይመልሱታል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ የሌላቸው ቋንቋዎች ለተመሳሳይ ሐሳብ የበለጠ ቶክን የሚፈጁ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ግምቱን ደንበኞችዎ በሚጽፉበት ቋንቋ ይሥሩት።

ጥያቄ፦ ረዳቱ ለደንበኛ የተሳሳተ መልስ ቢሰጥ ተጠያቂው ማን ነው? «መልሱ ስህተት ሊኖረው ይችላል» ብለን ብንጽፍ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም ብዬ አምናለሁ። የኤር ካናዳ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአየር መንገዱ ቻትቦት ዘመድ ለሞተበት መንገደኛ፣ ትኬቱን በሙሉ ዋጋ ገዝቶ ቅናሹን በ90 ቀን ውስጥ በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው፤ የድርጅቱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። ድርጅቱ ቻትቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ኃላፊ የሆነ የተለየ አካል እንደሆነ አድርጎ ተከራከረ። ጉዳዩን ያየው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዳኝነት አካል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ክርክሩን ሳይቀበል ቀረ፤ በድረ ገጹ ላይ ላለው መረጃ ሁሉ፣ ገጹ ቢናገረውም ቻትቦቱ ቢናገረውም፣ ኃላፊው ድርጅቱ ነው ብሎ ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። የገንዘቡ መጠን አነስተኛ ነበር፤ ለድርጅቶች ሁሉ ያለው ትርጉም ግን ከባድ ነው።

ስለዚህ ዋጋን፣ ተመላሽ ገንዘብንና ውልን የሚመለከት መልስ ሞዴሉ ከራሱ አያመንጭ። ትክክለኛው ደንብ ከድርጅቱ መዝገብ ተፈልጎ ይምጣ፣ የደንቡ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ለደንበኛው ይታይ፣ ደንቡ ካልተገኘም ጉዳዩ ወደ ሰው ይተላለፍ።

ጥያቄ፦ የደንበኞቻችንን መረጃ ወደ ውጭ ሞዴል መላክ ይፈቀድልናል?

መልስ፦ እንደምትሠሩበት አገር ሕግ ይለያያል፤ ሆኖም የመተግበሪያ መደብሮቹ ደንብ ለሁሉም ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2025 ባሻሻለው መመሪያ የግል መረጃ ለሦስተኛ ወገን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲተላለፍ በግልጽ እንዲነገርና የተጠቃሚው ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዛል፤ ጉግል ፕሌይ ደግሞ በሞዴል ይዘት የሚያመነጩ መተግበሪያዎች ጎጂ ይዘትን እዚያው ሪፖርት ማድረጊያ እንዲኖራቸው ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ደንበኛ ያለው ድርጅት፣ መቀመጫው የትም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሊመለከተው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2024 የጸናውና በየደረጃው ተግባራዊ የሚሆነው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም አለ። ከሕጉ በፊት ግን የተሻለው ጥበቃ ላለመላክ መወሰን ነው፦ ሞዴሉ ጥያቄውን ለመመለስ ስምና ስልክ ቁጥር ካላስፈለገው ከመላኩ በፊት ይውጡለት።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። የሞዴሉን አቅራቢ ቁልፍ (አገልግሎቱን በእኛ ሒሳብ ለመጠቀም የሚሰጠንን የምስጢር ኮድ) በመተግበሪያው ኮድ ውስጥ ማስቀመጥ እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም አታድርጉት። መተግበሪያው በተጠቃሚው ስልክ ላይ የሚቀመጥ ፋይል ነው፤ ፈትቶ ቁልፉን ማውጣት ለሚያውቅ ሰው ቀላል ሥራ ነው፣ ከዚያም በእናንተ ሒሳብ ይጠቀማል። ጥያቄው ሁሉ በራሳችሁ ሰርቨር በኩል ይለፍ።

ጥያቄ፦ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞቼን ልቀንስ?

መልስ፦ ከመቀነስዎ በፊት ሥራቸውን በደንብ ይዩ። ረዳቱ የሚወስደው ተደጋጋሚውን ጥያቄ ነው፤ ለሰው የሚተርፈው የተቆጣው፣ የተወሳሰበው፣ ደንቡ ያልገመተው ጉዳይ ነው። ስለዚህ የጥያቄው ቁጥር ቢያንስም የእያንዳንዱ ጥያቄ ክብደት ይጨምራል። ከዚህም ሌላ ረዳቱ ሲሳሳት ቶሎ የሚያውቁት እነዚሁ ሠራተኞች ናቸው። እነሱን አሰናብቶ ረዳቱን ብቻውን መተው ለሰዎቹም ለድርጅቱም ጉዳት ነው፤ ልምዳቸውን ለረዳቱ ማረሚያ ማዋል ግን ወዲያው ጥቅሙ ይታያል።

ጥያቄ፦ አቅራቢው ሞዴሉን በየጊዜው ይለውጣል። ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረው ዛሬም እንደሚሠራ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በራሳችሁ ፈተና። ከእውነተኛ ደንበኞች ጥያቄዎች መካከል 200 ያህሉን የግል መረጃቸውን አውጥታችሁ ምረጡ፤ ለእያንዳንዱ ተቀባይነት ያለው መልስ ምን እንደሆነ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይጻፍ። ቀላሎቹን ብቻ አትሰብስቡ፤ በፊደል ግድፈት የተሞላው፣ ሁለት ጥያቄ በአንድ የያዘው፣ ሞዴሉ «አላውቅም» ማለት የሚገባው ጥያቄም ይግባበት። አቅራቢው ከፈቀደ የሞዴሉን እትም ቁጥር አጽኑት፤ አዲስ እትም ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ በ200ዎቹ ላይ ፈትኑት፣ ቀጥሎም ለጥቂት ተጠቃሚዎች ብቻ ክፈቱት። ደንበኛ ቅሬታ ያቀረበበትን መልስ ሁሉ በዚህ ዝርዝር ላይ ጨምሩ። እኛ ዘንድ የደረሰኙ ፎቶ እስከ እጥፋቱ ድረስ በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ አዲስ ሞዴል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።