የጥብስ ቅጠሌ መዓዛ የት ሄደ?

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ መዓዛ ስላላቸው የጓሮ ተክሎች ናቸው። ጓሮ የሌላቸው ሰዎችም ጠይቀዋል። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ አንድ ረጅም የፕላስቲክ ገንዳ አለኝ፤ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ናና አንድ ላይ ተክዬበታለሁ። ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣቸዋለሁ፣ አልፎ አልፎም ዩሪያ በጥብጬ እሰጣቸዋለሁ። ናናው ገንዳውን ሊሞላው ነው። ጤና አዳሙ ከሥር ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። የጥብስ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ ግን ጥብስ ላይ ስጨምረው እንደ ሳር ነው፣ ምንም መዓዛ የለውም። ምን ጎደለባቸው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ፣ በዝቶባቸው ነው እንጂ ምን ጎደለባቸው! የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ የሚሉት፣ የሜዲትራኒያን አካባቢ ተክል ነው። የለመደው ድንጋያማ መሬት፣ ጠራራ ፀሐይና ደረቅ በጋ ነው። መዓዛው የሚመጣው ቅጠሉ ውስጥ ከሚጠራቀመው ዘይት ሲሆን ዘይቱ በደንብ የሚጠራቀመው ፀሐይ ሲያገኝና ውሃው ሳይበዛበት ነው። አንቺ የምትሰጪው ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠሉን ቶሎ ቶሎ ያስረዝመዋል፣ ለዓይንም ያምራል፣ ዘይቱ ግን በዚያ ፍጥነት አይደርስም፣ ስለዚህ ለምለም ሆኖ መዓዛ የሌለው ቅጠል ትቆርጫለሽ። ዩሪያውን ተዪው።

ውሃውንም በየቀኑ አይደለም። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ እለፊው። የገንዳው ሥር ቀዳዳ ከሌለው ዛሬውኑ ብሺው፤ አፈሩ ላይም አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር ቀላቅዪበት፣ ሲሶውን ያህል ቢሆን አይበዛም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናብ የማይመታው ቦታ አስጠጊው። ከሰኔ እስከ መስከረም የአዲስ አበባ አፈር የመድረቂያ ጊዜ ስለማያገኝ ብዙ ሰው የጥብስ ቅጠሉ የሚሞትበት ያኔ ነው፣ ከዚያ «ብርድ መታው» ይላል። ብርዱ አይደለም፣ ሥሩ በስብሶ ነው።

የጤና አዳሙም በሽታ ይኸው ይመስለኛል። ከላይ ጤነኛ የሆነውን ጫፍ ቆርጠሽ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈሽ ሌላ ዕቃ ላይ ትከዪው፣ ሥር እስኪያወጣ ጥላ ይሁንለት። ስትቆርጪው ግን ተጠንቀቂ፦ ፈሳሹ እጅሽን ነክቶት ፀሐይ ላይ ከቆምሽ ቆዳሽን አቃጥሎ ውሃ ሊያስቋጥርሽ ይችላል። ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ተክል ይሄን ያደርጋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። ጓንት አድርጊ፣ ወይም ወደ ማታ ቁረጪ።

ናናውን ለብቻው አውጪው። ሥሩ ከአፈር በታች እየሮጠ ጎረቤቱን ሁሉ ይወርሳል፣ ደግሞ ውሃ ይወዳል፣ ትንሽ ጥላም አይጠላም፤ ከሌሎቹ ጋር በምንም አይስማማም። በረንዳሽ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ ከሆነ ደግሞ ልንገርሽ፣ የጥብስ ቅጠሉን ተዪና ናና ብቻ አብዢ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ከልጆቼ ጋር ነው ያለሁት። ከአገር ቤት ያመጣሁትን የበሶብላ ዘር ዘርቼ በቅሎልኛል፣ ግን ገና በሐምሌ አበባ ያወጣና ቅጠሉ ያንሳል፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ይጠቁርና ይሞታል። ቤት ባስገባው ይተርፋል? ኮሰረትስ እዚህ ይሆናል?

መልስ፦ እናቴ፣ በሶብላ ዕድሜው የአንድ ወቅት ነው። አብቦ፣ ዘር ጥሎ ይሞታል፣ ቤት ቢያስገቡትም ብዙ አይቆይልዎትም። ብርድ ጠላቱ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር መጠቋቆር ይጀምራል። ስለዚህ ዘሩን ሚያዝያ ላይ ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ ያብቅሉትና ከሜይ አጋማሽ በኋላ ወደ ውጭ ያውጡት። አበባውን በተመለከተ፣ ለምን እንደፈለጉት ነው የሚወሰነው። ቅጠሉን ከፈለጉ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ይቀንጥቡ፣ ይሰፋል። ለበርበሬና ለሽሮ ከሆነ ግን ያብብ፣ እኛ የምንፈልገው መዓዛ አበባው ላይ ነው ያለው፤ ዛላውን ቆርጠው ጥላ ላይ ያድርቁት፣ ፀሐይ መዓዛውን ይወስደዋል። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ባዚል የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ጠረኑ ግን ለየቅል ነው፣ ሽሮ ላይ አይሞክሩት።

ኮሰረት ቁጥቋጦ ስለሆነ ዓመት ከዓመት ይቆያል፣ ውርጭ ግን አይችልም። በሚነሳ ዕቃ ይትከሉትና ኦክቶበር ሳይገፋ ያስገቡት። አገር ቤት ደርሰው ሲመለሱ ግን ችግኝ ከነአፈሩ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱ፣ ኤርፖርት ላይ ይወሰድብዎታል። ዘርም ቢሆን ይዘው ሲገቡ ማሳወቅ አለብዎት።

ጥያቄ፦ ለፍቅረኛዬ ከአበባ ሱቅ ከገዛሁት ጽጌረዳ አንዱን ግንድ ተክዬ ጸደቀልኝ። አሁን አበበ፣ ግን ምንም አይሸትም። አፈሩ ነው?

መልስ፦ አፈሩ አይደለም ወንድሜ። የሱቅ ጽጌረዳ፣ ከባቱም ይምጣ ከሆለታ፣ በአብዛኛው የሚመረጠው መንገድ እንዲችልና ውሃ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆይ ነው፤ መዓዛው በዚያ መሀል ይቀራል። ምንም ብታደርግለት አይሸትም። ይልቅ የድሮ ግቢ ያለው ዘመድ ፈልግ፣ ረፋድ ላይ ሄደህ አበባውን አሽትተው፣ ከወደድከው አብቦ ካበቃ ግንድ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለውን፣ አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠህ ትከል። ክሽክሽ (የተክሉን ጭማቂ የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት) ከወረደበት በሳሙና ውሃ እጠበው፣ ለዚያ መድኃኒት አትግዛ።