«መካከል» የምትለዋ ቃል

ልጆቼ፣

ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ። አንድ ተማሪ ሰሌዳው ጋ ወጣና «ቲቸር፣ ሦስት ማዕዘን ሁሉ ሁለት እኩል ጎን አለው፤ ላሳይህ?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሱ ግን ፕሩፉን (ማረጋገጫውን) መጻፍ ጀመረ። የአናቱን ማዕዘን ለሁለት የሚከፍል መስመር አወረደ። ከታችኛው ጎን እኩሌታ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር አቆመ። ሁለቱ ከሚገናኙበት ነጥብ ወደ ቀሪዎቹ ጎኖች መስመር ጣለ። እያንዳንዷን እርምጃ ባያት ባያት እንከን የላትም። «ነገ እንመለስበታለን» ብዬ አመለጥኩ።

ማታ በኮምፓስና በማስመሪያ ተጠንቅቄ ሣልኩት። ለካ ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ነው! ልጁ በእጁ ሲሥል ውስጥ አድርጎታል። በዚህ የተነሣ የጎኖቹን ርዝመት ሲያሰላ በአንደኛው ጎን መደመር፣ በሌላኛው መቀነስ ሲገባው ሁለቱንም ደመረ። የጣለው መስመር ጎኑን የሚነካበት ነጥብ በጎኑ ሁለት ጫፎች መካከል መሆኑን የነገረን ሥዕሉ ብቻ ነበር፤ ሥዕሉም ዋሸን።

እዚህ ጋ የተሸወድነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኤውክሊድ የተባለው የግሪክ የጂኦሜትሪ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያው ፕሩፍ ላይ ሁለት ክቦች ይቋረጣሉ። ይቋረጣሉ ያለው ማነው? ካስቀመጣቸው መነሻዎች አንዱም አይልም። ዓይን ነው ያለው። «መካከል» ማለት ምን እንደሆነም በመነሻዎቹ ውስጥ የለም። ሞሪትዝ ፓሽ የተባለ ጀርመናዊ በ1882 እ.ኤ.አ. ነው ይህች ቃል ራሷ ሕግ ያስፈልጋታል ብሎ ሕጓን የጻፈላት። ሒልበርት የተባለ ሌላ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በ1899 እ.ኤ.አ. ጂኦሜትሪን እንደገና ሲያዋቅር አስገባት።

ፎርማላይዜሽን የሚሉት ይኸው ነው፤ በዓይን ወይም በልማድ የተቀበልነውን በግልጽ ሕግ መጻፍ። የኛ አገር ገበሬ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሁለት ጎረቤታሞች «ድንበራችን ከግራሯ እስከ ወንዙ» ብለው ተስማምተው ይኖራሉ። ግራሯ ተቆርጣ ልጆቻቸው ሲጣሉ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ገመድ ይጣላል፣ ችካል ይተከላል። ጠብ ሳይነሣ በየእርምጃው ችካል ልትከል የሚል ሰው ግን አያርስም።

እኔ ያንን ሰው ሆኜ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ለዓመታት ሊሚትን (አንድ ውጤት ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚጠጋ) ስጀምር በቀጥታ በምልክት «ለእያንዳንዱ ኤፕሲሎን…» ብዬ ነበር። ተማሪዎቹም ሸመደዱት፤ በፈተና ቁጭ አደረጉት። ምን ማለት ነው ስላቸው ክፍሉ ጸጥ።

ያባነነኝ አጎቴ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምሯል። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ግን ተማሪው ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ሲቆጥር ውሎ ማታ ለየኔታ ይነግራል። አገባቡ ከተበላሸ ይመለሳል። አገባቡ አምሮ ምሥጢር ከሌለውም ይመለሳል። «አንተ የምታስተምረው ሁለተኛውን ነው» አለኝ፤ ነገሩን ሳስረዳው። ተናደድኩ። እውነቱን ነበር።

ከዚያ በኋላ በጨዋታ ጀመርኩ። አንድን ቁጥር እጥፍ አድርጉና 1 ጨምሩ። ቁጥሩ ወደ 3 ሲጠጋ ውጤቱ ወደ 7 ይጠጋል። አንዱ «ከ7 ያለህ ርቀት ከ0.1 ይነስ» ብሎ ይፎክራል፤ ሌላው «ከ3 በ0.05 ውስጥ ልሁን እንጂ ይሳካል» ብሎ ይመልሳል። 0.01 ቢልስ? ሁሌም መልስ እንዳለ ሲገባቸው ምልክቱን እጽፈዋለሁ። ያኔ ኤፕሲሎን የፎካሪው፣ ዴልታ የመላሹ ስም ይሆናል።

አሁን ዘመኑ የናንተ ነው። ማንኛውንም ካርታ ጎረቤታሞች አንድ ቀለም ሳይጋሩ በአራት ቀለም መቀባት ይቻላል የሚለውን፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በኮምፒውተር ታግዞ የተረጋገጠውን የአራት ቀለማት ቴዎረም ጎንቲዬ የተባለ ሊቅ በ2005 እ.ኤ.አ. ፕሩፍ በሚፈትሽ ኮክ በተባለ ፕሮግራም እርምጃ በእርምጃ አስፈተሸው። ዛሬ ሊን የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም በነፃ አውርዳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሞክሩት። ዓይን ስለሌለው በሥዕል አይሸወድም፤ ችካሉን አንድ በአንድ ያስቆጥራችኋል። ግን ቁልፉን ከመንካታችሁ በፊት ነገሩ ለምን እውነት እንደሆነ በአማርኛ፣ በራሳችሁ ቃል፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ፕሮግራሙ «ትክክል» ሲላችሁ እናንተ ሳይገባችሁ ሊሆን ይችላልና።

ያ ልጅ በማግስቱ ትክክለኛውን ሥዕል ሳሳየው ዝም ብሎ አየው። ከዚያ «ታዲያ እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የሣልክልን ሁሉስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ደብተራቸውን ከመጀመሪያው ገጽ አስገለጥኳቸው።