አለቃዬ ሳይኮፓት ነው ወይስ ክፉ ብቻ? (ጥያቄና መልስ)

ለዓመታት በሰው ሀብት ክፍል ሠርቻለሁ። ሰሞኑን «ሳይኮፓት» ስለሚባሉ አለቆች ብዙ ጠየቃችሁኝ። የሥነ ልቦና ሐኪም አይደለሁም፤ የማውቀውን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ ሁሌ ይጮህብኛል። ሳይኮፓት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ በጩኸት ብቻ እንዲህ አይባልም። ቱግ ብሎ ማታ የሚጸጽተው ሰው ቁጡ ነው፣ በቃ። ሳይኮፓት የሚባለው ጸጸት የማያውቅ፣ የሰው ሕመም የማይሰማው፣ ሲዋሽ ፊቱ የማይለወጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ነው። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ።

ጥያቄ፦ መለኪያ የለውም?

መልስ፦ አለው። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሄር ያዘጋጀው ነው። 20 መመዘኛዎች አሉት፤ ከፍተኛው ነጥብ 40 ነው። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ 30ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሳይኮፓት ይባላል። የሚሞላው ግን የሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ ሰውየውን አነጋግሮ፣ ታሪኩን አገላብጦ። አለቃችሁን እያሰባችሁ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አትሙሉት፣ አደራ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ቢሮ ውስጥ ይበዛሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ሄር ከፖል ባቢያክና ከክሬግ ኒውማን ጋር 203 የኩባንያ ባለሙያዎችን አጥንቶ በ2010 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። 30ና ከዚያ በላይ ያገኙት 4 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተጠኑት ግን ኩባንያዎቻቸው ለአመራር ያጯቸው ስለሆኑ ቁጥሩን ለየቢሮው አታድሉት። እኔን የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው። ነጥባቸው ከፍ ያለው ሰዎች በንግግርና በፈጠራ ተመስግነዋል፤ በቡድን ሥራና በውጤት ግን ወድቀዋል። ስብሰባ ላይ ያበራሉ፣ ሥራውን ሌላው ይሠራዋል።

ጥያቄ፦ አንቺን አጋጥሞሽ ያውቃል?

መልስ፦ ሳይኮፓት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ያደረገውን ግን ልንገራችሁ። አንዱ አለቃዬ ሁልጊዜ ጠዋት ማኪያቶ ይዞልኝ ይመጣል። «እናትሽ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። የሆስፒታሉን፣ የመድኃኒቱን፣ እንቅልፍ ያጣሁበትን ሌሊት ሁሉ ነገርኩት። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ሲደርስ ፎርሙ ላይ «በቤተሰብ ጉዳይ ትኩረቷ ተበትኗል» ብሎ ጽፎ አገኘሁት። በማግስቱም ማኪያቶው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የሰውየው ነው የመሥሪያ ቤቱ?

መልስ፦ እኔ ወደ መሥሪያ ቤቱ አደላለሁ። የአሜሪካውን የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮንን አስታውሱ። ሠራተኞቹን በየስድስት ወሩ እርስ በርስ እያወዳደረ ደረጃ ይሰጥ ነበር፤ መጨረሻ የወጣው ከሥራ ሊባረር ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት የጓደኛውን ስህተት ዝም ብሎ የሚሸፍን የዋህ ይጎዳል፣ የሚያጋልጥ ይሾማል። ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ፤ የደበቀው የሂሳብ ጉድ ሁሉ ወጣ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጻፊ። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ማን እንደነበረ። በአፍ የታዘዝሽውን «በተነጋገርነው መሠረት» ብለሽ በኢሜይል መልሰሽ ላኪለት። ቅሬታ ስታቀርቢም «ሳይኮፓት ነው» አትበይ፤ ያደረገውን ዘርዝሪ። ኢትዮጵያ ውስጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚመለከትሽ ከሆነ አንቀጽ 32ን አንብቢ። አሠሪ ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ድርጊት ሲፈጽም ያለማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅን ይፈቅዳል። ከመልቀቅሽ በፊት ግን ጠበቃ አማክሪ።

ጥያቄ፦ ፊት ለፊት ስሜቴን ብነግረውስ?

መልስ፦ ለቁጡው ንገሪው፣ ሊገባው ይችላል። ለዚያኛው ግን ረቡዕ የነገርሽውን ዓርብ ስብሰባ ላይ ትሰሚዋለሽ።