መካኒክ ልሁን ወይስ በያጅ?

ከደብረ ብርሃን የጻፍክልን ወንድሜ፣ አውቶ መካኒክ ደረጃ 3 ልትጨርስ ነው። በምትለማመድበት ጋራዥ አንድ የቆየ ቢኤምደብሊው ኢ46 መጣ። የኋላ ዲፈረንሻሉ (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) የታሰረበት ወለል ተሰንጥቋል። ተበየደ፣ ከወራት በኋላ እዚያው ጎን እንደገና ተሰነጠቀ። «በዚህ ሥራ ብካን ያዋጣኛል ወይስ መካኒክነቴን ልቀጥል?» ብለሃል።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በቢኤምደብሊው ብቻ እንጀራ አይበላም፤ መኪኖቹ ጥቂት ናቸው። ሥራው ግን በደንብ መማር ያለብህ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለገበያ በቀረበው ኢ46፣ በተለይ በጉልበታሙ ኤም3 ሞዴሉ፣ ዲፈረንሻሉን የያዘው ተሸካሚ በ4 ቦታ ከወለሉ ስስ ላሜራ ጋር ይታሰራል። ነዳጅ ስትሰጠው ላሜራውን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፣ ስትለቀው ይመልሰዋል። ይህ ሲደጋገም ብረቱ ይደክማል፣ የፋብሪካው የነጥብ ብየዳም ይለቃል። በመካከል ምቱን የሚያለዝበው ጎማ፣ ቦኮላው፣ ካረጀ ደግሞ ምቱ ይብሳል። ስንጥቁን ብቻ የበየደ ሰው ይህን ሁሉ እንዳለ ትቶታል።

የሚበረክተው ጥገና ረጅም ነው። ባትሪው ይፈታል፣ ተሸካሚው ይወርዳል፣ ቅርብ ያለው የነዳጅ ታንከርም ይነሳል። በዚህ ላይ ቸልታ የለም፤ እሳት ነው። ስንጥቅ ከማሸጊያው ሥር ስለሚደበቅ ወለሉ እስከ ብረቱ ይፋቃል። የስንጥቁ ጫፎች ከዚያ አልፈው እንዳይሄዱ በድሪል ይበሳሉ። ከዚያ በሚግ (ሽቦ እየመገበ በጋዝ ከለላ በሚበይድ ማሽን) ይበየዳል፣ በላዩም ለቦታው የተዘጋጀ የማጠናከሪያ ላሜራ ይበየድበታል፤ ጫናው ሰፊ ቦታ ላይ እንዲያርፍ። በመጨረሻ ፀረ ዝገት፣ ማሸጊያ፣ አዲስ ቦኮላ።

ግማሹ የመካኒክ፣ ግማሹ የበያጅ ሥራ መሆኑን አየህ? ብዙ ጊዜ መካኒኩ ፈትቶ ይሰጣል፣ በያጁ ብረቱ ምን እንደሚሸከም ሳይጠይቅ ይበይዳል። አንተ ሁለቱንም የምታውቅ ሰው እንድትሆን እፈልጋለሁ። ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ የባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የላሜራ ስፕሪንግ) መያዣው ሲሰነጠቅም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን እዚህ ጋ?» ነው። ደንበኛህ እዚያ መንገድ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ መካኒክነቱን አትተው። ደረጃ 3ን ጨርስ፣ ሲኦሲህን (የብቃት ማረጋገጫህን) ውሰድ። ጎን ለጎን የብየዳ አጭር ሥልጠና ያዝ። ወፍራም ብረት በኤሌክትሮድ መበየድ አይበቃህም፤ ስስ ላሜራ ቶሎ ይበሳል። ከተጣለ ቦዲ ላይ ቆርጠህ በይድ፣ አጥፈህ ስበር፣ የቱ ጋ እንደለቀቀ እይ። ሥራ ስትፈልግም ደመወዙ ትንሽ ቢያንስ እንኳ ሚግ ማሽን ያለውን ጋራዥ ምረጥ።