«አይ ኢ» ካለሽ ጠጋኝ ከመጥራትሽ በፊት ውሃሽን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ኤልጂ የልብስ ማጠቢያ ማሽንሽ ገና ውሃ ሳይሞላ «አይ ኢ» (IE) የሚል ኮድ አውጥቶ ይጮኻል፤ ራሴ ልነካካው ወይስ ጅማ ውስጥ ሁነኛ ጠጋኝ ትጠቁሙኛላችሁ ነው ያልሽው። ጠጋኙ ይቆይ። መጀመሪያ ውሃሽን እዪ።

ይህ ኮድ የውሃ ጉዳይ ነው። ማሽኑ መግቢያውን ከፍቶ ይጠብቃል፤ በ8 ደቂቃ ገደማ ውሃው ልኩ ላይ ካልደረሰ ሥራውን ያቆማል። በቃ። ሳምሰንግ ያላቸው ሰዎች «4 ሲ» (4C) ወይም «4 ኢ» (4E) ሲልባቸው ያው ነው። ስለዚህ ይህን ኮድ ብቻ አይቶ «ቦርዱ (ማሽኑን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል» የሚልሽ ሰው ካለ ቡና አጠጪውና ሸኚው። እኔ ያን ሰው በገንዘቤ ነው የማውቀው። ወደሱ እመለሳለሁ።

1. ማሽኑን ከሶኬት ንቀዪው። ቁልፉን ማጥፋት አይበቃም። እጅሽም ወለሉም ደረቅ ይሁን። ማሽኑን በኤክስቴንሽን የሰካሽው ከሆነ ዛሬውኑ ተዪው፤ በተለይ ውሃ የሚያሞቅበት ሰዓት ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ኤክስቴንሽኑ ይግላል። የማሽኑን ብረት ስትነኪ የሚነዝርሽ ከሆነ ደግሞ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁመሽ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሪ። ኤርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ፣ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ቀልድ የለም። የጀርባውን ክዳን ፈትተሽም ሽቦ እንዳትነካኪ። ለዚህ ሥራ ምንም ክዳን መክፈት አያስፈልግሽም።

2. ቧንቧውን ዝጊ፣ ከሥሩ ባልዲ አድርጊ፣ ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የውሃ ጎማ በእጅሽ አዙረሽ ፍቺ። ጎማው የገባበት አፍ ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። መሃሏን በፒንሳ ቀስ ብለሽ ይዘሽ ወደ ራስሽ ሳቢያት። ሁለት መግቢያ ካለው ሁለቱንም እዪ።

የኔዋ ስትወጣ ብታዪ! ቀይ ጭቃ ጠጥታ ደርቃለች። ጅማ ክረምት ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ውሃ ጠፍቶ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ምን ዓይነት እንደሆነም ታውቂያለሽ። ያ ሁሉ ሮቶ ውስጥ ይገባል፣ ከሥር ይዘቅጣል፣ ሮቶው ሲጎድል ደግሞ ተነስቶ ወደ ማሽን ይሄዳል። ያቺ ወንፊት እንደ ሻይ ማጥለያ ይዛ ታስቀረዋለች። ሥራዋ ነው፤ ሲሞላባት ግን ውሃ አታሳልፍም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኳት፣ መለስኳት፣ ማሽኑ ሞላ። አንድ ብር አልወጣበትም።

እንግዲህ ያ ሰውዬ። ይህን ሳላውቅ በፊት ማሽኑን ወደ አንድ ጥገና ቤት እንድወስድ ተነገረኝ። «ቤት አንመጣም፣ አምጪው» አሉ። በጭነት ባጃጅ አስጭኜ ወሰድኩ። ከፊት የሚከፈት ማሽን ሲጓጓዝ ከበሮውን አስሮ የሚይዝ ብሎን ከጀርባው ይታሰርለታል፤ አዲስ ሲገዛ አብሮት የሚመጣው ማለት ነው። «አምጪው» ያሉት ባለሙያዎች ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በዚያ ኮረኮንች መንገድ ከበሮው ሲንጓጓ ሄደ፣ ሲንጓጓ ተመለሰ። አሁንም ሲጨምቅ ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል።

ሰውዬው ኮዱን ገና ስነግረው «ቦርድ ነው፣ 14,000 ብር» አለኝ። ዙሪያውን አየሁ። ሱቁ ውስጥ ቧንቧ የለም! በጄሪካን ነው ውሃ የሚጠቀሙት። «ልጄ፣ ውሃ ሳታስገባበት እንዴት አወቅህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ፣ አንቺ ልብስሽን እጠቢ፣ ይሄን ለእኛ ተዪው» አለኝ። ሰው ሰምቶ ሳቀ። ማሽኔን አስጭኜ ልወጣ ስል የምርመራ ብሎ አስከፈለኝ። ያልመረመረውን! ቤት ገብቼ በንዴት ማንዋሉን ከመሳቢያ አወጣሁና ወንፊቷን ያገኘኋት ያን ዕለት ነው። በኋላ ልጆቼ «እማዬ ኢንጂነር» ይሉኝ ጀመር። እኔም አልጠላሁት።

የወንፊቷን ነገር ሳልጨርስ። አንዳንዱ «አውጥተሽ ጣያት፣ ውሃው በደንብ ይገባል» ይልሻል። እንዳትሰሚው። ወንፊት ከሌለ ደለሉ የውሃውን መግቢያ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭ ውስጥ ይገባና አላዘጋ ይለዋል። ያኔ ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎም ውሃ ይሞላል። አጥበሽ ስትጨርሺ ቧንቧውን መዝጋት ልመጂ። ጎማውን ከመመለስሽ በፊት ደግሞ ቧንቧውን ከፍተሽ ትንሽ ውሃ ወደ ባልዲው አስወጪ፤ ጎማው ውስጥ የቀረ ቆሻሻ አለ።

ሦስተኛው ግፊት ነው፣ እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚሸወደውም በሱ ነው። ወንፊቷ ንጹህ ሆና ኮዱ ከተመለሰ ሮቶሽ የት እንደተቀመጠ እዪ። 1 ባር ግፊት ማለት ወደ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ማለት ነው። ሮቶሽ ከማሽኑ በ3 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የምታገኚው 0.3 ባር ነው። ማንዋልሽ ላይ ዝቅተኛው ግፊት ተጽፏል፤ 0.5 የሚል ከሆነ ሂሳቡ አይሞላም፣ ማሽኑም አልዋሸም። ወይ ሮቶውን ከፍ ታስደርጊያለሽ፣ ወይ ትንሽ የውሃ ፓምፕ ታስገቢያለሽ። ፓምፕ የሚገጥምልሽ ሰው ፓምፑን ዝናብ ከማይነካው ቦታ ያድርገው።

በጆግ በሳሙና መሳቢያው ውሃ መጨመርን የሚመክሩሽ ይኖራሉ። እኔም እንግዳ ሊመጣብኝ ሲል አድርጌዋለሁ፣ ይሠራል። ግን ማጥራቱም ውሃ ስለሚፈልግ አጠገቡ ቆመሽ ነው የምትውዪው፣ ውሃው ወደ ቁልፎቹ ከፈሰሰ ደግሞ ያን ጊዜ ቦርዱ የእውነት ይበላሻል። አቋርጠሽ ልብስሽን ማውጣት ከፈለግሽም በሩን በጉልበት አትሳቢ። ውስጡ ውሃ ካለ ይቆለፋል፤ መጀመሪያ ውሃውን አስወጪ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ወዲያው አትሰኪው። እስኪረጋጋ ጠብቂ።

ወንፊቷ ንጹህ፣ ግፊቱ ጥሩ፣ ኮዱ ግን ያው ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መግቢያው ቫልቭ ይሄዳል። እሱ ኤሌክትሪክ ስላለበት አትንኪው፣ አሁን ጠጋኝ ጥሪ። ግን ቤትሽ ይምጣ፣ ማሽኑን የትም አታስጭኚ። ቦርድ ከማለቱ በፊት ቫልቩን ፊትሽ በመለኪያ ይለካው። የሞዴል ቁጥሩ በሩ አካባቢ ወይም ከጀርባው ተለጥፏል፤ ፎቶ አንሥተሽ ያዢው፣ ቫልቭ የሚገዛው በሱ ነው።