የመስከረም ዕቅድ ጥቅምት ላይ ለምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ «ዘንድሮስ የልብስ ስፌት መኪና እገዛለሁ» ብዬ እነሳለሁ። ያየሁት መኪና 18,000 ብር ነው፤ በወር 1,500 ባስቀምጥ በዓመቱ ይሞላል። የተጣራ ደመወዜ 9,000 ነው። ጥቅምት ሳይገባ ግን ያስቀመጥኳትንም አውጥቼ እጨርሳታለሁ። ስንፍና ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ስንፍና አይመስለንም፤ የሳቱት ወሩን ነው። ደመወዝዎ በእኛ አቆጣጠር የሚከፈል ከሆነ የነሐሴው ብር 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36 ቀን መድረስ አለበት፤ የጳጉሜ ደመወዝ የሚባል የለም። በዚያ ላይ የበዓል ዶሮ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተር፣ ዩኒፎርም አለ። ትንፋሽ ሳይሰበስቡ በ17 መስቀል ይመጣል። በዚህ ወር የተጀመረ ቁጠባ ባይፈርስ ነው የሚገርመው።

በመስከረም መጨረሻ ከሚከፈለው ደመወዝ ይጀምሩ። ከእሱ እስከ ሐምሌው 11 ደመወዝ አለ፤ የነሐሴውን አይንኩት። ለገናና ለፋሲካ የሚሄዱትን ሁለቱን ከወዲሁ ይሰርዟቸው፤ በቀሪዎቹ 9 ወሮች 2,000 ቢያስቀምጡ 18,000 ይሞላል። ከ1,500 ይከብዳል፣ ግን የማይሆኑት ወሮች ከሒሳቡ ወጥተዋል። ብሩን ደመወዝ በገባ በማግስቱ፣ የኤቲኤም ካርድ ወዳልወጣበት ሌላ ደብተር ያዛውሩት። «ከተረፈኝ አስቀምጣለሁ» ላለ ሰው ተርፎት አያውቅም።

ብቻዎን ከሆነ የሚያቅትዎ እቁብ ይግቡ። 9 ሰው በወር 2,000 ቢጥል ዕጣው ልክ የመኪናዋ ዋጋ ነው። ስሞቹ በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልለው ብርጭቆ ውስጥ ሲናጡ ቀድሞ የወጣለት ያለ ወለድ እንደተበደረ ነው፤ መኪናዋ ራሷ እየሰፋች ትከፍልለታለች። መጨረሻ የደረሰው ግን ዋጋው ጨምሮ ሊጠብቀው ይችላል፤ ስለዚህ ለዳኛው አስቀድመው ነግረው ከማይቸኩል ሰው ጋር ተራ ይለዋወጡ። እቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በልቶ በሚጠፋ ሰው ነው። ዕጣ የወጣለት ሁሉ ዋስ የማይጠራበት፣ ጸሐፊው መዝገብ የማይይዝበት እቁብ ውስጥ፣ የዘመድም ቢሆን፣ አይግቡ።

ጥያቄ፦ ለታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ በየወሩ 1,500 ብር እልካለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ወር አቃተኝ፤ አሁን ስልኩን ማንሳት ራሱ አፈርኩ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እየተባልኩ አድጌ ምን ልበለው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይደውሉ። ልጁን ይበልጥ የሚጎዳው ብሩ እንደማይመጣ የመክፈያው ቀን ካለፈ በኋላ ማወቁ ነው፤ ቅጣት ሊጨመርበት፣ ከፈተናም ሊታገድ ይችላል። ቀድሞ ካወቀ ግን ሒሳብ ክፍል ሄዶ በሁለት ዙር ልክፈል ብሎ መጠየቅ ይችላል። «አይዞህ፣ እልካለሁ» አይበቃውም፤ «የምችለው 800 ነው፣ ወር በገባ በ5 ይደርስሃል፤ ለቀሪው ካሁኑ ሌላ መላ እንፈልግ» ይበሉት። ልኩን ሲቆርጡ ካለፉት ሦስት ወሮች እጅዎ በጣም ያጠረበትን ያስቡ እንጂ የተረፈዎትን አይደለም። ከተቻለም ብሩን በቀጥታ ኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ያስገቡና ደረሰኙን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩለት፤ ለመመዝገብ ሲሄድ መጠየቁ አይቀርም።