የሕግ ምክር፦ ከአጎት የተወረሰ የቁማር ማሽንና በስልክ የተጀመረ «ስሎት»

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ፍኖተ ሰላም ሲሆን አነስተኛ ቡና ቤት አለኝ። ለረጅም ዘመን ውጭ አገር ኖረው የተመለሱት አጎቴ ሲሞቱ ከዕቃቸው መካከል አንድ አሮጌ የቁማር ማሽን ተገኘ። በጎኑ የሚሳብ እጀታ አለው፣ ሳንቲም ሲጎርስ ፊቱ ላይ የደወልና የፍራፍሬ ሥዕሎች ይሽከረከራሉ። ቡና ቤቴ ውስጥ አቁሜ ደንበኞች እንዲጫወቱበት ማድረግ፣ ካልሆነም ለውጭ አገር ሰብሳቢ መሸጥ እችላለሁ? ሁለተኛው ጉዳይ የታናሽ ወንድሜ ነው። ቡሬ በሚገኝ «ኤጀንት» በኩል በስልኩ ስሎት (ሥዕሎች እየተሽከረከሩ ዕድል የሚሞከርበት የቁማር ጨዋታ) ሲጫወት ቆይቶ አሁን 180,000 ብር አሸንፈሃል ተብሏል፤ ኤጀንቱ ግን ገንዘቡ እንዲወጣ መጀመሪያ 27,000 ብር «ግብር» በቴሌብር ላክ ይለዋል። ወንድሜም «ቁጥሩ እኮ ስልኬ ላይ ይታያል» ይላል። ወንድሜ ለጨዋታው ከጎረቤት 40,000 ብር በወር አሥር በመቶ ወለድ በወረቀት የተበደረ ሲሆን፣ አበዳሪው አሁን በሬዎቹን እነዳለሁ እያለ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ፣ ማሽኑ ጥቂት ቀን ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም፤ የወንድምዎ ጉዳይ ግን ለነገ የሚባል ስላልሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። 27,000 ብሩ በምንም ምክንያት አይላክ። በአገራችን ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ሽልማት ላይ ግብር መኖሩ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ግብሩን ከሽልማቱ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው ሽልማቱን የሚከፍለው ድርጅት ነው እንጂ፣ አሸናፊው ከኪሱ አውጥቶ ወደ ግለሰብ ስልክ ቁጥር የሚልከው ገንዘብ አይደለም። ኤጀንቱ የተናገረው እውነት ቢሆን ኖሮ 27,000ውን ከ180,000ው ላይ ቀንሶ ቀሪውን በላከለት ነበር። ይህን አለማድረጉ ብቻውን የተንኮሉን ምንነት ያሳያል፤ ከተላከለትም ቀጥሎ «የዝውውር ክፍያ»፣ ከዚያም «የማረጋገጫ ክፍያ» እያለ መጠየቁ አይቀርም።

ወንድምዎ «ቁጥሩ እኮ ስልኬ ላይ ይታያል» ማለቱን ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። ከአጎትዎ ቤት የተገኘው ማሽንና ስልኩ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከባቫሪያ ወደ አሜሪካ የሄደው ቻርልስ ፌይ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ሊበርቲ ቤል» የተባለውን ማሽን ሲሠራ፣ ሦስቱ መንኰራኵሮች በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል እየተሽከረከሩ ይቆሙ ነበር፤ ሦስት ደወል ሲገጥም ማሽኑ ራሱ ትልቁን ሽልማት፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም፣ ከሆዱ አውጥቶ ይከፍል ነበር። በስልክ ላይ ባለው ጨዋታ ግን ውጤቱን የሚወስነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚሽከረከረው ሥዕል አስቀድሞ የተወሰነውን ማሳያ ብቻ ነው። በሒሳቡ ላይ የሚታየውም 180,000 ብር ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ሰው የጻፈው ቁጥር ነው፤ ባንክ ያስቀመጠው ገንዘብ፣ ወይም ፍርድ ቤት እንደ ዕዳ ማስረጃ የሚቀበለው ሰነድ አይደለም።

ስለዚህ 180,000 ብሩን ክፈለኝ ብሎ መክሰስ አይመከርም። ማንኛውም ዕጣ ወይም ዕድል የሚወስነው ጨዋታ በአዋጅ ቁጥር 535/1999 መሠረት ያለ ብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ሊካሄድ አይችልም፤ ፈቃድ በሌለው ጨዋታ ላይ የተመሠረተ ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 መሠረት ጉዳዩ ሕገ ወጥ በመሆኑ ውጤት አይኖረውም። «አሸነፍኩ» በሚል የቀረበ ክስ በዚህ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል። «ተታለልኩ» የሚለው ክስ ግን ሌላ መሠረት አለው። ኤጀንቱ ሐሰተኛ ነገር እውነት አስመስሎ ወንድምዎ ንብረቱን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም አድርጎት ከሆነ፣ ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 አታላይነት ነው፤ በኮምፒውተር አማካይነት የተፈጸመ በመሆኑም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይመለከተዋል። ወንድምዎ በማታለል ለተወሰደበት ገንዘብ በጥፋት ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቀውን ካሳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 መሠረት መጠየቅ ይችላል፤ ይህ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ቁጥር 2143 ስለሚደነግግ ጊዜው እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

በዚህ ጉዳይ ትልቁ ዕድላችሁ ኤጀንቱ የሚታወቅ ሰው መሆኑ ነው። ድረ ገጹ የት አገር እንደሚገኝ ማወቅ አዳጋች ሊሆን ይችላል፤ ቡሬ ላይ ተቀምጦ በስሙ በተመዘገበ ቴሌብር ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን መጥሪያ ይደርሰዋል። ወንድምዎ ዛሬውኑ ከኤጀንቱ ጋር የተጻጻፈውን መልእክት ሳይሰርዝ ስክሪንሾት ያንሣ፣ ገንዘብ የላከበትን እያንዳንዱን የቴሌብር ግብይት ቁጥርና ቀን በወረቀት ይገልብጥ፣ የድረ ገጹን አድራሻና የሒሳቡን ስም ይጻፍ፣ ከዚያም ለፖሊስ ያመልክት። ሲያመለክት የተጫወተውን ሳይደብቅ ሙሉውን ይናገር፤ ግማሹን ሸሽጎ ግማሹን ያወራ አመልካች ቃሉ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲፈርስ እያየን ነው። አገር ሽማግሌ ገብቶ ኤጀንቱ የወሰደውን ቢመልስ አልቃወምም፤ ነገር ግን ስምምነቱ የሚመለሰው ብር መጠንና ቀን ተጠቅሶበት በጽሑፍ ይሁን፣ በምስክሮች ፊትም ይፈረም።

የብድሩ ጉዳይ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። «ለቁማር የተሰጠ ብድር አይከፈልም» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ ይሰማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1718 ግን ውሉ ሕገ ወጥ መሆን አለመሆኑ ሲመረመር ተዋዋዮቹ የተነሣሡበት ምክንያት በውሉ ወይም ውሉ በሚጠቅሰው ሌላ ሰነድ ላይ ካልተገለጸ በቀር ግምት ውስጥ እንደማይገባ ይደነግጋል። የወንድምዎ ወረቀት «40,000 ብር ተበድሬአለሁ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ አበዳሪውን አይነካውም፤ ዋናው ብር መከፈል ይኖርበታል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በሌላ መንገድ እንደማይረጋገጥ ቁጥር 2472 ይናገራል፤ አበዳሪው ግን ወረቀቱን ይዟል።

ወለዱ ሌላ ነገር ነው። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በቁጥር 2479 መሠረት በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። በ40,000 ብር ላይ ይህ በዓመት ቢበዛ 4,800 ብር ነው፤ አበዳሪው የሚጠይቀው ግን በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር ነው። ይህ አራጣ ነው፤ አራጣ ደግሞ በወንጀልም ያስጠይቃል። ስለዚህ ወንድምዎ እስካሁን በወለድ ስም የከፈለውን አስልቶ በደረሰኝ ወይም በምስክር ያረጋግጥ፣ ከሕጋዊው ልክ በላይ የሆነው ከዋናው ብር ላይ እንዲቀነስለትም ይጠይቅ። በሬዎቹን በተመለከተ ፍርድና የአፈጻጸም ትእዛዝ ሳይኖር ማንም አበዳሪ የሰውን ከብት ከበረት ሊያወጣ አይችልም፤ ቢሞክር ወዲያውኑ ለፖሊስ ማመልከት ነው። በዚህ ወቅት በሬ የተነዳበት ገበሬ የሚያጣው የእርሻ ዘመኑን ጭምር ስለሆነ፣ ይህ ሥጋት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ቤትዎ አስቀምጠው መያዝዎን የሚከለክል የለም፤ ለሕጉ ዋናው ጥያቄ ዕቃው ምን ያህል ያረጀ ነው የሚለው ሳይሆን ገንዘብ ተከፍሎበት ዕድል የሚሞከርበት መሆን አለመሆኑ ነው። በቡና ቤትዎ ቆሞ ደንበኛ ሳንቲም ከጨመረበት፣ ያለ ፈቃድ የዕድል ጨዋታ አካሂደዋል ማለት ነው። በሳንቲም ፋንታ ከባንኮኒው የሚገዛ ምልክት መጠቀም ወይም ለአሸናፊው ብር ሳይሆን አንድ ቢራ መስጠት ነገሩን አይለውጠውም። ይህ መላ አዲስ አይደለም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ቁማር ሲከለከል ሠሪዎቹ ማሽኑን ማስቲካ መሸጫ አስመስለው ያቀርቡ ነበር፤ በእርስዎም ማሽን ላይ የሚታየው የፍራፍሬ ሥዕል የመጣው ከዚያ ዘመን የማስቲካ ጣዕም እንደሆነ ይነገራል። ለጌጥ ብቻ ማቆም ከፈለጉ የሳንቲም መግቢያውን በብረት አዘግተው ያቁሙት፤ መከፈቻ ቁልፉም በእጅዎ ይሁን።

ለመሸጥ ከወሰኑ መጀመሪያ የራስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። አጎትዎ ልጅ ካላቸው የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቻቸው ናቸው፤ እርስዎ በኑዛዜ ካልተሰጠዎት በቀር ተራው ላይደርስዎት ይችላል። ልጅ ካልነበራቸው፣ ወላጆቻቸውም በሕይወት ከሌሉ፣ ከሌሎች የአጎትዎ ወንድሞች፣ እኅቶችና ልጆቻቸው ጋር ወራሽ ከሆኑ ይህንኑ የሚገልጽ ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያውጡ። ይህ ሳይሆን የተሸጠ ማሽን ነገ ከዘመድ ጋር ያካስሳል።

ገዢው አሜሪካ የሚኖር ከሆነ ደግሞ የቁማር መሣሪያን ማጓጓዝ በዚያ አገር ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተገደበ መሆኑንና የየግዛቱ ሕግ የተለያየ መሆኑን ይወቁ፤ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከ25 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ማሽን ለቁማር እስካልዋለ ድረስ በሰብሳቢ እጅ ሊቆይ ይችላል። አስመስለው የተሠሩ ማሽኖችም በገበያ ላይ ስላሉ፣ በሽያጭ ውሉ ላይ የማሽኑን ዘመን በራስዎ ቃል ዋስትና አይስጡ፤ የተከታታይ ቁጥሩን ብቻ ይጥቀሱ፣ በመድረሻው አገር የሚያስፈልገውን ፈቃድ የማሟላት ኃላፊነት የገዢው መሆኑን ያስጽፉ፣ ዋጋውም ሙሉ በሙሉ በባንክ ሒሳብዎ ሳይገባና የጉምሩክ ሰነድ ሳይሟላ ማሽኑን ከቤትዎ አያውጡ።